ዝም ያልናቸው አራት ቀናት

(በማኅበራችን የግማሽ ዓመት ጠቅላላ ስብሰባ ላይ፣ ፊልቱ፣ የቀረበ ንግግር)

 

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ከሦስት ቡድን የተውጣጣን አባላት አብረን ተቀምጠን ነው። የምታነብላችሁ አንዲት እህት ብትሆንም ሐሳቡ የሁላችንም ነው። ጥፋቱም የሁላችንም ስለሆነ «እኛ» እያልን እንናገራለን።

ዛሬ ስለ ቁጠባና ብድር አንናገርም። ሒሳቡን ገንዘብ ያዧ ነገ ታቀርባለች። የምንናገረው ወረርሽኝ ሲነሳ ወሬው ከማን ተነስቶ ወደ ማን እንደሚሄድ፣ የት ላይ እንደሚቆምና ሲቆም ምን እንደሚያስከፍል ነው። በመጀመሪያ ግን የራሳችንን ጉድ እንናገራለን።

ባለፈው የጉ ዝናብ ጊዜ ነው። ሰኞ ጠዋት በወተት መሸጫው መደዳ ላይ ተቀምጠን ሳለ ከገጠር ወተት የምታመጣልን ሴት ዘግይታ ደረሰች። ለምን እንደዘገየች ስንጠይቃት፣ በሰፈራቸው ሁለት ልጆችና አንዲት እናት ሌሊቱን ሙሉ ሲያስቀምጣቸውና ሲያስመልሳቸው እንዳደረ ነገረችን። ተቅማጡ ሩዝ የታጠበበት ውሃ ይመስላል አለች። «አላህ ይማራቸው» ብለን ወተቱን ለካን፤ ገንዘቧን ከፈልናት፤ ሄደች።

ማክሰኞ ሌላ ቤት ታሟል ተባለ። ረቡዕ ማታ በቡድን ስብሰባችን ላይ ወሬው ተነሳ። ከመካከላችን አንዷ «ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እንንገር» አለች። ሌላዋ ወዲያው መለሰች፤ «ነገ ገበያ ነው። ከዚያ ሰፈር የመጣ ወተት ነው ከተባለ ማን ይገዛናል? ብድሩንስ በምን እንከፍላለን?» ዝም ተባባልን። ያንን ዝምታ ሁላችንም እናስታውሰዋለን። ማንም ድምፅ አልሰጠም፣ ማንም እጅ አላወጣም፤ ግን ውሳኔ ነበር። ሐሙስ ገበያ ወጣን፤ ወተታችን ተሸጠ።

ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ፣ ዘመድ ልትጠይቅ ወደዚያ ሰፈር ሄዳ የተመለሰችው የአንዲት አባላችን እናት ታመመች። ብዙዎቻችሁ «አያዮ» እያላችሁ የምትጠሯት፣ ይህ ማኅበር ገና በእቁብ መልክ ሲጀመር የመጀመሪያዋን ሳንቲም ያወጣች ሴት ናት። ቅዳሜ ንጋት ላይ ቀበርናት። ከሰኞ እስከ ሐሙስ አራት ቀን ነበረን። በእነዚያ አራት ቀናት አንድ ሰው ቢነገረው፣ ቢያንስ ውሃው በኬሚካል ይታከም ነበር፤ ቢያንስ ቤቷ ውስጥ አንድ ፓኬት ኦአርኤስ ይገኝ ነበር፤ ቢያንስ ወደዚያ አትሄጂ እንላት ነበር።

በሽታው ምን እንደነበር እስከ ዛሬ በርግጠኝነት አልተነገረንም። ይህንም እናነሳዋለን። ግን ከሌላው በፊት የራሳችንን ማንሳት ነበረብን፤ አነሳነው።

እህቶቻችን፣ ለምን ዝም አልን? ገበያውን ፈርተን፣ ልክ ነው። ከዚያ በፊት የሆነ ሌላ ነገርም አለ። ሁለት ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ትኩሳትና ሽፍታ ያለባቸው ልጆች አይተን ነግረን ነበር። አንድ ሰው በወረቀት ላይ ጻፈ፣ «እናመሰግናለን» ብሎ ሄደ። ከዚያ በኋላ ማንም አልመጣም፤ «ኩፍኝ ነው» ወይም «ኩፍኝ አይደለም» ብሎ የተናገረን የለም። የየትኛውንም ቢሮ ስም ለማንሳት አልመጣንም፤ ስም መጥራት የሚጠቅመን ነገር የለም። መኪና ባይኖር፣ ነዳጅ ባይኖር፣ ሰው ባይበቃ እንረዳለን። ያንን ቀን ግን አንድ ነገር ተማርን፤ ወሬ ይገባል፣ መልስ አይወጣም። ስለዚህ ሁለተኛ ጊዜ ስናይ አፋችን አልተከፈተም። መልስ ያላገኘ ወሬ ሁለተኛ አይላክም። የዛሬው ንግግራችን ቁም ነገር ይኸው ነው።

አሁን ወደ ኋላ ልንወስዳችሁ ነው። እኛ ሴቶች፣ እኛ አርብቶ አደሮች በሽታ በመጠቆም ምን አቅም አለን የምትሉ ካላችሁ፣ በጎረቤታችን የሆነውን ስሙ።

ትልልቆቹ ፈንጣጣን ታስታውሳላችሁ። በሶማልኛ ፉሩቅ ይባላል። ይህ በሽታ በኢትዮጵያ ምድር ለመጨረሻ ጊዜ የታየው ከእኛ ዞን ጋር በሚዋሰነው በአፍዴር፣ ያኔ በባሌ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረው በኤልከሬ አካባቢ ነው። ዲሞ በምትባል መንደር አንዲት ትንሽ ልጅ ነሐሴ 3 ቀን 1968 ዓ.ም. ሽፍታው ወጣባት። ከእሷ በኋላ በአገራችን ሌላ የፈንጣጣ ሕመምተኛ አልተገኘም። ያ ሁሉ ዘመን የፈጀን በሽታ የቆመው አዲስ አበባ ውስጥ ሳይሆን በእንደኛ ዓይነት አቃል ደጃፍ ላይ ነው።

እንዴት ቆመ? ክትባቱ ወሳኝ ነበር፤ ግን ክትባት ብቻውን አልበቃም። ዘመቻው በአገራችን በ1963 ዓ.ም. ጥር ሲጀመር ሠራተኞቹ ጥቂት፣ አገሩ ሰፊ ነበር። ሁሉን ሰው መከተብ አልቻሉም። ስለዚህ ያደረጉት ይህን ነው፤ ፈንጣጣ የያዘውን ሕፃን ፎቶግራፍ ይዘው በየገበያው፣ በየትምህርት ቤቱ፣ በየውሃ ጉድጓዱ እየዞሩ «እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል?» እያሉ ጠየቁ። አየን ያለ ሰው ካለ ወደዚያው ይሄዳሉ፤ ሕመምተኛውን ለይተው በዙሪያው ያሉትን ሁሉ ይከትባሉ። ወሬ፣ ከዚያ ፍለጋ፣ ከዚያ ማጠር። የፈንጣጣን እግር የሰበረው ይህ ነው።

አንድ ቁጥር ልብ በሉ። ዘመቻው ከመጀመሩ በፊት በነበረው ዓመት በመላው ኢትዮጵያ ሪፖርት የተደረገው የፈንጣጣ ሕመምተኛ አንድ ሺህ እንኳ አይሞላም ነበር። በዘመቻው የመጀመሪያ ዓመት ከ26 ሺህ በላይ ተገኘ። በሽታው ባንድ ዓመት ይህን ያህል እጥፍ ጨምሮ አይደለም። ድሮም ነበረ፤ የጠየቀ አልነበረም። እንግዲህ «በዚህ ቀበሌ ምንም በሽታ የለም» የሚል ወረቀት ስታዩ፣ በሽታ የለም ማለት ነው ወይስ የጠየቀ የለም ማለት ነው ብላችሁ ጠይቁ።

ታሪኩ እዚያ አላበቃም። ከድንበሩ ማዶ በሶማሊያ በ1969 ዓ.ም. ትልቅ ወረርሽኝ ተነሳ። በሞቃዲሾ መጀመሪያ ላይ የታመሙት ሰዎች ቁጥር ተደብቆ ነበር። የተደበቀው በሽታ ከዘላኑ ጋር ተጉዞ ከ3 ሺህ በላይ ሰው ያዘ። በዓለም ላይ በተፈጥሮ መንገድ ፈንጣጣ የያዘው የመጨረሻው ሰው ዓሊ ማው ማሊን የሚባል የመርካ ሆስፒታል ወጥ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ ሽፍታው የወጣበት ጥቅምት 16 ቀን 1970 ዓ.ም. ነው። ሆስፒታል ውስጥ እየሠራ ሳይከተብ ቀርቶ ነበር፤ መርፌው ያማል ብሎ ፈርቶ። ዳነ። ከዓመታት በኋላም በፖሊዮ ክትባት ዘመቻ እየዞረ «እኔ በፍርሃቴ ያገኘኝን እዩ፤ ልጆቻችሁን አስከትቡ» እያለ እናቶችን ይለምን ነበር። ሐምሌ 2005 ዓ.ም. በዚያው በፖሊዮ ሥራ ላይ ሳለ ወባ ይዞት ሞተ። ይህ ሰው ስህተቱን በአደባባይ ተናግሮ የሌላውን ልጅ አዳነበት። እኛም ዛሬ የራሳችንን የተናገርነው እሱን አስበን ነው።

ሐምሌ 2005ን ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያው ዓመት ፖሊዮ፣ በሶማልኛ ደበይል የምንለው፣ ከሞቃዲሾ ተነስቶ ኬንያ ገባ፤ ወደ ክልላችንም ዘልቆ በዋርዴር በኩል በዶሎ ዞን ተገኘ። (ከዶሎ አዶ ጋር እንዳታምታቱት።) በሶማሊያ ወደ 200 የሚጠጉ ልጆች፣ በኬንያ 14፣ በእኛ ክልል 10 ልጆች ሽባ ሆኑ። እንዴት ተገኙ? አንዲት እናት ወይም አንድ የሰፈር ሰው «ትናንት ይሮጥ የነበረው ልጅ ዛሬ እግሩ አልታዘዘውም» ብሎ ስለተናገረ ነው። ፖሊዮ መሆኑን የሚለየው ምርመራ የሚሠራው ከልጁ በሚወሰድ ሰገራ ነው። ሁለት ናሙና በ24 ሰዓት ልዩነት፣ እግሩ በዛለ በ14 ቀን ውስጥ መወሰድ አለበት። እናትየው ሃያ ቀን ዝም ካለች ማሽኑ ምንም ቢራቀቅ በእርግጠኝነት መናገር ይቸግረዋል። ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው በእሷ ቤት ነው።

በእኛው ዞንም በ2003 ዓ.ም. መጨረሻ የሆነውን አንረሳም። ድርቁና ጦርነቱ ያፈናቀላቸው ሰዎች በዶሎ አዶ በኩል ሲጎርፉ በቆቤ መጠለያ ካምፕ ኩፍኝ ገባ። በረሃብ የተጎዱ ሕፃናት በየቀኑ ይሞቱ ነበር። ኩፍኝ ክትባት ያለው በሽታ ነው። ግን ከበሽታው ቀድሞ መድረስ ያስፈልጋል፤ ቀድሞ ለመድረስ ደግሞ ቀድሞ መስማት።

እንግዲህ መንግሥት ይህን ለመስማት የዘረጋው መንገድ ምን ይመስላል? እኛ ከጤና ባለሙያዎች ጠይቀን የተረዳነውን በአጭሩ እናስረዳችሁ።

መንገዱ መሰላል ነው። ከታች የጤና ኬላው አለ፤ እዚያ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። ከእሷ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ወደ ወረዳ፣ ወደ ዞን፣ ወደ ክልል፣ በመጨረሻም አዲስ አበባ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይደርሳል። እንደ ወባ ያሉት በሽታዎች በየሳምንቱ ይቆጠራሉ። እንደ ኮሌራ፣ ኩፍኝና የእግር መዛል ያሉት ግን ሳምንት አይጠበቅባቸውም። መመሪያው የሚለው፣ አንዱ እርከን ካወቀ በ30 ደቂቃ ውስጥ ለሚቀጥለው እርከን ያሳውቅ ነው። የታመመ ከሌለም «ዜሮ» ተብሎ ይላካል። ይህን ስንሰማ ወደድነው። ዝምታ መልስ አይደለም፤ «ምንም የለም» ብሎ መናገርም ሥራ ነው።

አገራችንም ግዴታ አለባት። በዓለም አቀፉ የጤና ደንብ መሠረት፣ ለሌላ አገር ሊተርፍ የሚችል ወረርሽኝ መኖሩን ካረጋገጠች በ24 ሰዓት ውስጥ ለዓለም የጤና ድርጅት ታሳውቃለች። ዛሬ ብዙ አገሮች የሚለኩበት «ሰባት፣ አንድ፣ ሰባት» የሚባል መለኪያም አለ። ወረርሽኝ በተነሳ በሰባት ቀን ውስጥ ይታወቅ፣ በታወቀ በአንድ ቀን ውስጥ ይነገር፣ ከዚያ በሰባት ቀን ውስጥ የመጀመሪያው የመከላከል ሥራ ይጠናቀቅ ማለት ነው።

አሁን ቁጠሩልን። ከጤና ኬላ እስከ አዲስ አበባ ያለው እያንዳንዱ እርከን ደቂቃ ተሰጥቶታል። ከአቃሉ እስከ ጤና ኬላ ያለው እርከንስ? ለእሱ ደቂቃ የሰጠው የለም፤ ቅጽም የለውም፤ ስልክ የሚሞላለትም የለም። እኛ አራት ቀን የጣልነው እዚያ ላይ ነው። ከሰባቱ ቀን አራቱ በእኛ አፍ ውስጥ አለቁ። ከላይ ያለው ሁሉ እንደ ሰዓት ቢሠራ እንኳ ያንን አይመልሰውም።

ያ እርከን የሴት እርከን ነው። ልጅ ሲያስቀምጠው ማን ያጥበዋል? ትኩሳቱን በእጇ ዳስሳ የምታውቅ ማን ናት? ከሰባት ሰፈር የመጣ ወሬ በወተት መደዳ ላይ በአንድ ጠዋት የሚገናኘው ማን ዘንድ ነው? ሐኪሙ በሽታ የሚያየው ሰው ወደ እሱ ሲመጣ ነው፤ እኛ የምናየው ገና ሳይነሳ ነው።

ለእንስሳቱም እንዲሁ። በ1999 ዓ.ም. በጎረቤታችን በኬንያ በጋሪሳ በኩል ከከባድ ዝናብ በኋላ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ተነስቶ ከመቶ በላይ ሰው ገደለ። በኋላ አጥኚዎች ሄደው ሶማሌ አርብቶ አደሮችን ሲጠይቁ፣ ሰዎቹ በሽታውን በከብቶቻቸውና በፍየሎቻቸው ላይ ቀድመው አይተውታል፤ ስምም አውጥተውለታል። «ሰንዲክ» ይሉታል፣ አፍንጫው የሚደማ ለማለት። በጎቻቸው በገፍ ሲያስጨነግፉ፣ አፍንጫቸው ሲደማ አይተዋል። የጤናና የእንስሳት ሕክምና ሰዎች የደረሱት ግን ከሳምንታት በኋላ ነው። እውቀቱ ነበረ። መንገድ አጣ።

አሁን ወደ ፍርሃታችን እንመለስ፤ ወደ ገበያው። ፍርሃቱ ሞኝነት አልነበረም። አገሮችም ይፈራሉ። ኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ሊቃውንት ኦሚክሮን የተባለውን አዲስ የኮሮና ዓይነት አግኝተው ወዲያው ለዓለም ነገሩ። ምን ተደረገላቸው? በቀናት ውስጥ ብዙ አገሮች በረራ ዘጉባቸው። ቀድሞ የተናገረ ተቀጣ። እኛም የፈራነው ይህንኑ ነው፤ እነሱ በአውሮፕላን፣ እኛ በወተት። የሚናገር ሰው የሚከስር ከሆነ ማንም አይናገርም፤ አገርም ቢሆን፣ ወተት ሻጭም ብትሆን።

በአገራችንም ስም መፍራት ነበር። ብዙ ዓመት «አተት» ሲባል ሰምተናል፤ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ለማለት ነው። በ2009 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ በክልላችን ብዙ ሰው ሲያልቅ ስሙ አተት ነበር። እኛ በቋንቋችን ዳዑን እያልን ስንጮህ ወረቀቱ ሌላ ይል ነበር። በ2011 ዓ.ም. ግን ኮሌራ ተብሎ በይፋ ተነገረ። ነሐሴ 2014 ዓ.ም. በባሌ በሐረና ቡሉቅ የተነሳው ወረርሽኝም በስሙ ተጠራ፤ ወደ ጉጂና ወደ እኛው ሊበን ዞን፣ ወደ ጉራዳሞሌና ቀርሳዱላ በኩል ሲዘልቅም ኮሌራ ተባለ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። «ኮሌራ» ሲባል ሰው ውሃውን ያፈላል፤ «አተት» ሲባል «የሆድ ነገር ነው፣ ያልፋል» ይላል። የበሽታ ስም የመድኃኒቱ ግማሽ ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ሲባል ያደግን ሁሉ ስለ አንድ ሰው የተባለ ይመስለን ነበር። ስለ ሰፈርም ነው፤ ስለ ማኅበርም ነው።

ስለዚህ በሦስቱ ቡድኖች ተመካክረን ይህን ሐሳብ እናቀርባለን። ዛሬ ተወያይታችሁበት እንድትወስኑ እንለምናለን።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ቡድን ከአባላቱ አንዲት «ጆሮ» እና አንዲት ተተኪ ይምረጥ። መሃይም ብትሆንም ግድ የለም፤ ማንበብ የምትችል ልጅ ትጽፍላታለች። የሚያስፈልገው በሁሉም ሰፈር የሚያምኗት ሴት መሆኗ ነው።

ሁለተኛ፣ አምስት ምልክቶችን በአማርኛም በሶማልኛም በቃል እንያዝ። ውሃ የመሰለ ብዙ ተቅማጥ፣ ሹባን ቢዮድ። ትኩሳት ከሽፍታ ጋር፣ ጀዴዖ ሊሆን ይችላል። ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እጁ ወይም እግሩ ድንገት ሲዝል። ትኩሳት ከአንገት መገተር ጋር። አምስተኛው ስም የለውም፤ በአንድ ሰፈር በአንድ ሳምንት ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች ተመሳሳይ ያልተለመደ ሕመም ሲይዛቸው፣ ወይም ፍየሎች በገፍ ሲያስጨነግፉ። በሽታውን ለይተን ማወቅ የእኛ ሥራ አይደለም። ያየነውን መናገር ብቻ ነው። ሳይሆን ቢቀር ማንም አይስቅብን፤ ደስ ይበለን እንጂ።

ሦስተኛ፣ ስንናገር ቀን፣ ሰፈር፣ ስንት ሰው፣ ዕድሜ፣ ምን እንዳየን እንናገር። ስም በደብተራችን አይጻፍ። ስም የሚያስፈልጋት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ብቻ ስለሆነ ለእሷ በጆሮዋ እንነግራለን። በወተት መደዳ የእከሌ ቤት እያልን አናወራ። በቴሌግራምና በፌስቡክ የታመመ ሰው ፎቶ ወይም የጎሳ ስም አንልቀቅ። «ስደተኞቹ ያመጡት ነው»፣ «የእነ እከሌ ጎሳ በሽታ ነው» ማለት ሌላ ቤት ተደብቆ እንዲሞት ማድረግ ነው።

አራተኛ፣ በየሐሙሱ ሁሉም «ጆሮ» ትናገር። ያየችው ካለ ያንን፣ ከሌለ «ዜሮ» ትበል። አስቸኳይ ከሆነ ሐሙስን አትጠብቅ፤ ሌሊትም ቢሆን ትደውል። በኮሮና ጊዜ ሁላችንም 8335 የሚባል ነፃ መስመር እንዳለ ተምረን ነበር፤ ሰው ሳንቲም ሳይቆጥር መደወል ሲችል ይደውላል። የእኛም ሴት ካርድ ስለሌላት ዝም አትበል። ለስልክ የሚሆን ከማኅበራዊ ፈንዳችን በየወሩ ጥቂት ብር ይመደብ።

አምስተኛ፣ ይህ ከሁሉ የከበደው ነው። ቤቷ ወይም ሰፈሯ ታሞ፣ በሐቀኝነት ተናግራ፣ ወተቷን ለአንድ ሳምንት ወደ ገበያ ያላወጣች አባል ከማኅበራዊ ፈንዱ ትካስ። የዚያን ሳምንት የብድር ክፍያዋም ያለ ቅጣት ይተላለፍላት። ገንዘቡ ብዙ አይደለም፤ አስልተነዋል። ያ ረቡዕ ማታ «ብድሩን በምን እንከፍላለን?» ለተባለው ጥያቄ መልስ ቢኖረን ኖሮ አፋችን ይከፈት ነበር። ሐቀኝነትን ብቻ ከድሃ ሴት መጠየቅ አይገባም፤ ዋጋውን መካፈል አለብን።

ስድስተኛ፣ የጤና ባለሙያዎቻችንን አንድ ነገር እንጠይቃቸዋለን፤ ዛሬ ከመካከላችሁ የተገኛችሁ ስላላችሁ በአክብሮት እንናገራለን። የነገርናችሁ ነገር ምን እንደሆነ በሳምንት ውስጥ ንገሩን። «መጥተን አየን፤ ኮሌራ አይደለም» ብትሉን ይበቃናል። «ናሙናው ተልኳል፤ ገና ውጤት አልመጣም» ብትሉንም ይበቃናል። «መኪና የለንም» ብትሉን እንኳ ይበቃናል፤ ምናልባት የአይሱዙ ሹፌር እንለምንላችኋለን። እንዳያልቅብን የምንፈልገው ነገር ቢኖር፣ ስንናገር የሚሰማን አለ የሚለው እምነት ነው። እናንተም ከላይ ለላካችሁት ሪፖርት መልስ ሳታገኙ የምትቀሩበት ጊዜ እንዳለ እንገምታለን። የእኛን ምሬት ታውቁታላችሁ ማለት ነው።

እስከዚያው ድረስ እያንዳንዷ ቤት የምትችለው አለ። ኦአርኤስ በቤት ይኑር። አንዱ ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል። ከሌለ በአንድ ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ተልጎ ሳይከመር። ጨው እንዳይበዛ ተጠንቀቁ። ይህን እያጠጣችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ እየጠበቃችሁ ቤት አትቀመጡ። ኮሌራ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል፤ በጊዜ የታከመ ግን ከመቶ አንድ እንኳ አይሞትም። በመሞትና በመዳን መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ውሃ፣ ጨውና ሰዓት ነው።

ንግግራችንን በሰላምታችን እንዝጋ። አፋሮች ዳጉ አላቸው፤ ሁለት መንገደኛ ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ሳይለዋወጥ አይለያይም። በእኛም ዘንድ ሶማሌ ሲገናኝ «ኢስካ ወረን» ይባባላል፤ «እስቲ ስለ ራስህ ወሬ ንገረኝ» ማለት ነው። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሣሩ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ከብቱ እንጠያየቃለን። መጠየቅ እናውቅበታለን፤ መመለስም እናውቅበታለን። ያ ሰኞ ጠዋት ወተት ያመጣችልን ሴት በወጉ ተጠይቃ በወጉ መልሳልን ነበር። ወሬውን ይዘን የቆምነው እኛ ነን።

ከዛሬ ጀምሮ በወተት መደዳ ላይ «ኢስካ ወረን» ስንባባል የሰማነውን ይዘን እንነሳ። የአያዮ ልጅ ዛሬ እዚህ ከእኛ ጋር ተቀምጣለች። የመጀመሪያዋ «ጆሮ» እኔ ልሁን ብላ ስሟን ያስመዘገበችው እሷ ናት። እኛ ግን ይቅርታ ሳንጠይቃት ቆይተናል። ዛሬ በሁላችሁ ፊት፣ ይቅር በይን እህታችን።

ሁለተኛዋ «ጆሮ» ማን ናት? ደብተሩ ከፊት ጠረጴዛው ላይ ነው።